ርኅራኄ በሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ሥራ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ስሙ በሁለት ነገር ይነሣል። አንደኛው የቅኔ ትምህርቱ ነው፤ ከየአገሩ ቅኔ ሽተው የሚመጡ ተማሪዎች ለብዙ ትውልድ እየተቀባበሉ ተምረውበታል። ሁለተኛው ምክንያት ከደብሩ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ ዓባይን ተሻግሮ የማያውቅ የሐረር ወይም የጅማ አንባቢ ሳይቀር የዲማን አጥቢያና የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ እንደ ትውልድ መንደሩ ያውቀዋል።

የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በደራሲነታቸውም፣ በአርበኝነታቸውም፣ በዲፕሎማትነታቸውም ብዙ ተብሎላቸዋል። እነዚህን ሁሉ እንደ ድር የሚያያይዘው ነገር ግን ያን ያህል አልተነገረለትም። እርሱም ርኅራኄ ነው። ርኅራኄ ሲባል እንባ ማፍሰስ ወይም ሳንቲም መወርወር ብቻ እንዳይመስል፣ ሰውየው ነገሩን ከየት እንደ ተማሩት ከመነሻው ማየት ይገባል።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለው ቦታ ከአባታቸው ከዓለማየሁ ሰሎሞንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ተወለዱ። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ እንደ ዘመኑ ልማድ ከደብር ወደ ደብር እየተዘዋወሩ ተማሩ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ በየተራ አስተናግደዋቸዋል። ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ፣ የሚገኙት በቢቸና አገር ነው። የደብረ ወርቅን ኮረብታ ወጥቶ፣ የዲማን መስክ አቋርጦ የተማረ ልጅ ከዜማና ከቅኔ ጋር ሌላ ትምህርት መማሩ አይቀርም ነበር። ይህኛው ትምህርት መምህር የለውም፤ ማስመስከሪያም የለውም።

የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለዛሬው አንባቢ ተረት ሊመስል ይችላል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በማርያም ስም እየለመነ ከደጅ ደጅ ይዞራል። የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ፣ ጭብጥ ቆሎ ወይም ንፍሮ ነው። አንዳንድ ቀን የሚያገኘው የውሻ ንክሻ ብቻ ይሆናል። ልመናው ለድኻ ልጅ ብቻ የተተወ አልነበረም፤ የባለጸጋ ልጅ ሳይቀር ከወላጆቹ ርቆ ለመማር ከቈረጠ አኩፋዳ ማንገቡ የማይቀር ነበር። በዚህ ዓይነት ትናንት በአባቱ ቤት ለማኝ ሲመጣ ከማጀት ቁራሽ ይዞ ይወጣ የነበረው ልጅ ዛሬ ከደጅ ውጭ ቆሞ የሌላውን ማጀት ይጠባበቃል። ከደጅ ውስጥና ከደጅ ውጭ ያለውን ልዩነት በገዛ እግሩ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ቁራሹን የሚሰጠው ገበሬ ራሱ ባለጸጋ አልነበረም። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ተሟጦ፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ የቤቱ እመቤት ለልጆቿ የምታካፍለውን እንጀራ በዓይኗ ለክታ የማታውቀውን ልጅ ድርሻ ታወጣለች። ይህን የምታደርገው ልጁን ስለምታውቀው አይደለም፤ የእርሷም ልጅ በሌላ አገር፣ በሌላ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል ብላ ስለምታስብ ነው። ርኅራኄ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የራስን ሰው በማያውቁት ሰው ውስጥ ማየት። ከደጅ ወዲያም ሌላ ርኅራኄ አለ። ተማሪው ሲታመም ጓደኛው ለምኖ ያበላዋል፤ ታላቁ ለታናሹ ጎጆ ይሠራል፤ ቀለም የገባው ላልገባው ያስጠናል። ይህን ሁሉ ደግነት ብሎ የሚጠራው የለም፤ የኑሮው ሥርዓት ነበር።

የአማርኛ ቋንቋም ነገሩን በራሱ መንገድ ያስቀምጠዋል። አማርኛ ተናጋሪ ርኅራኄን ከራስ ቅል አውጥቶ ከሆድ ውስጥ ያኖረዋል። ሩኅሩኁ ሰው አንጀቱ ይራራል፣ ሆደ ቡቡ ይባላል፤ ጨካኙ አንጀተ ደረቅ ነው። በዚህ አነጋገር ርኅራኄ አስቀድሞ የሚመጣ የሰውነት ነገር እንጂ ከብዙ ማሰላሰል በኋላ የሚደረስበት ፍርድ አይደለም። ሐዲስ ይህን የአገራቸውን አነጋገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ግን አንጀት ብቻውን በቂ አለመሆኑን አሳይተዋል። ወደዚያው እንመለስበታለን።

በልጅነታቸው ዘመን ማብቂያ ላይ ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። «የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ» የተባለውን ተውኔት የደረሱት በወጣትነታቸው ነው፤ ርእሱ ብቻ ስለ ምን እንደሚናገር ይጠቁማል። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነት አገለገሉ። የቅኔውን አገርና የከተማውን ትምህርት በአንድ ሰውነት ውስጥ ይዘው መመለሳቸው በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሁለቱ ዓለማት አንዱን ንቀው ሌላውን ማምለክ ለብዙ ሰው የቀረበ ፈተና ነበር፤ እሳቸው ይህን አላደረጉም።

የጣልያን ወረራ ሲጀመር ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ሐዲስም አብረው ዘመቱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በዚህ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ በርሜሎች ጣሉ። ጭንብልም መድኃኒትም ያልነበረው ወታደር እጁና እግሩ፣ ፊቱም ተቃጥሎ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ የወንዙም ውኃ ተመርዞ ነበር። ያ ጦር በአብዛኛው ከጎጃም መንደሮች የተነሣ ገበሬ ነበር። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ያወጡ ከነበሩ ቤቶች የወጣው ሰው ከሰማይ በሚወርድ ኬሚካል ሲቃጠል ማየት፣ በዓለም ሥልጣኔ ለሚያምን አንድ ወጣት መምህር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ርኅራኄ የሌለው ዕውቀት የት እንደሚደርስ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በርሜሉን ያዘጋጀው፣ አውሮፕላኑንም የሠራው የተማረ ሰው ነበርና። የመሐንዲስ ወገን የሆነ ሁሉ ይህን የታሪክ ክፍል ሲያነብብ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል አይመስልም።

ከሽሬ ሽንፈት በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው ትግሉን ቀጠሉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብበው ተማረኩ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። በመጀመሪያ በፖንዛ ደሴት፣ ከዚያም በሊፓሪ ደሴት ታስረው ሰባት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቃል ኪዳን መንግሥታት ጦር ነጻ አወጣቸው። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ደራሲ ያልደፈረውን ትፈጽማለች፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ተሽሮ ሲታሰር ለጥቂት ቀናት የተቀመጠው በፖንዛ ደሴት፣ ያውም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነበር። ሐዲስ የጦርነቱን ዘመን ታሪክ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ያሳተሙት ግን በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ነገሩ ከተፈጸመ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቁስልን ቶሎ ወደ ገበያ የማያወጣ ሰው ባሕርይ ከዚህም ይታያል።

ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ያለው የሥራ ዘመናቸው ረጅም ነው፤ እዚህ ላይ ባጭሩ ማለፍ ይበቃል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠርተዋል፤ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ወኪል ነበሩ፤ በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ አገራቸውን ከወከሉት አንዱ ነበሩ። ያ ጉባኤ የሬዲዮ ሞገዶች በመንግሥታት መካከል እንዴት እንደሚደለደሉ የመከረ በመሆኑ፣ የዲማ የቅኔ ተማሪ በዚያ አዳራሽ ውስጥ መገኘቱ የሙያ ባልደረቦችን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ከዚያ በዋሽንግተን፣ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኒው ዮርክ፣ ለአጭር ጊዜም በትምህርት ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎ በእንግሊዝ አገር በአምባሳደርነት አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. ገደማ የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ፤ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል። በዚሁ የሥራ ዘመን መካከል፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በጽሕፈት ቤት የሚቀመጥ ዲፕሎማት ስለ ጎጃም ተረት ማሰቡን አላቋረጠም ማለት ነው።

ስለ ርኅራኄ ያላቸው ሐሳብ በሰፊው የሚገኘው ግን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነው። ታሪኩ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ መላውን መድገም አያስፈልግም። የማንኩሳ ድኻ ገበሬ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ በቤተ ክርስቲያን ተምሮ ወደ ዲማ ይመጣል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል፤ ይዋደዳሉ፤ የዘር ሐረግ ይለያያቸዋል፤ በመጨረሻም መቃብር ያገናኛቸዋል። አንባቢ ሁሉ ያለቀሰው በዚህ ነው። ከእንባው ጀርባ ግን ደራሲው በጥንቃቄ የመረመሩት ጥያቄ አለ፤ ርኅራኄ መቼ ያድናል፣ መቼስ ይጎዳል የሚል።

ለምሳሌ ውድነሽ በጣሙን እንመልከት። በየተራ ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት ሰው የፈራትና የሸሻት ሴት ነበረች። መንደሩ መከራዋን እንደ ጥፋቷ ቈጠረባት። የተቸገረን ሰው ስለ መቸገሩ መውቀስ በየትም አገር የሚታይ ነገር ነው፤ ደራሲው ግን በዚህች ሴት አማካይነት የነገሩን ጭካኔ ሳይጮኹ ያሳያሉ። በኋላ ልጅ ወልዳ ልጇ ሲታመምባት ቢድንላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ትሳላለች። ልጁ ይድናል፤ ስለቱም ይጸናል። ይህ ስለት ከንጹሕ የእናት አንጀት የወጣ ነው፤ ሆኖም የበዛብህን ጉልምስና አስቀድሞ ያሰረው ይኸው ስለት ነው። ከአንጀት የሚመጣ ርኅራኄ የሌላውን ሰው ፈቃድ ካልጠየቀ እስር ቤት ሊሆን እንደሚችል ደራሲው ከዚህ በላይ ግልጽ አድርገው ሊጽፉ አይችሉም ነበር። አንጀት ብቻውን አይበቃም የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊታውራሪ መሸሻም ቢሆኑ በደራሲው ዘንድ ርኅራኄ አልተነፈጋቸውም። ይህ ብዙ ተቺዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነገር ነው። ሽማግሌው መኰንን ትምክሕተኛ፣ ቁጡ፣ በትውልዳቸው የሚመኩ ናቸው፤ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የልጅቷ ዕድሜ ያልፋል። አንባቢ ይስቅባቸዋል፣ ይናደድባቸዋል፤ ነገር ግን ጨርሶ ሊጠላቸው ሲቃጣው ደራሲው የሽማግሌውን ብቸኝነት ወይም ፍርሃት ያሳዩታል። ጨቋኙም በሠራው ግንብ ውስጥ ታሳሪ ነው የሚለው ሐሳብ እንዲህ በተግባር ሲታይ ከማንኛውም ክርክር ይበልጥ ያሳምናል።

የመጽሐፉ እምብርት ግን ጉዱ ካሣ ነው። እውነተኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፤ የፊታውራሪው ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ በመወለዱ ከበላዮቹ ወገን የሆነ ሰው ነው። የቤት ሠራተኛ የነበረችን ሴት በማግባቱና ለድኻው በመቆርቆሩ ዘመዶቹ እንደ እብድ ቈጠሩት። ሩኅሩኁን ሰው እብድ ብሎ መሰየም ለሕሊና እረፍት ይሰጣል፤ እብድ የተናገረው አያስጠይቅምና። በዚህ ሰው አንደበት ደራሲው ያስቀመጡት አንድ ምሳሌ አለ፤ ለመሐንዲስ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ጉዱ ካሣ የአገሩን የኑሮ ሥርዓት በድንጋይ ካብ ይመስለዋል። የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ ይኖራል፤ በዕድሜ ብዛት ግን የታችኛው መንሸራተቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የላይኛውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ በፈቃድ ተባብሮ የሚቆም ሌላ ዓይነት ሕንጻ ያስፈልጋል ይላል በሐሳቡ።

ምሳሌው ለጌጥ የገባ አይደለም። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተደረደረ ካብ የሚቆመው በክብደቱና በመፋተጉ ብቻ ነው። ድንጋዮቹን የሚያያይዝ ነገር የለም፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን የሚሸከመው ስለተጫነው ነው። መሠረቱ ውኃ ሲገባው ወይም አንድ ድንጋይ ሲሰነጠቅ የተቀሩት ሸክሙን ሊከፋፈሉ የሚችሉበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ካቡ ሆዱን ይነፋና አንድ ክረምት ላይ በድንገት ይናዳል። በየገበሬው ማሳ ዳር ይህን ያላየ የለም። ሸክምን የሚካፈል አሠራር ግን አንዱ ክፍል ሲደክም ሌላው እንዲደርስለት ሆኖ አስቀድሞ የታሰበ ነው። ጉዱ ካሣ የሚጠይቀው ርኅራኄ እንግዲህ ለታችኛው ድንጋይ ማዘን አይደለም። ሸክሙ ለምን በእርሱ ላይ ብቻ እንደ ወረደ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ማዘን ካቡን እንዳለ ይተወዋል።

የጉዱ ካሣ ድካምም አልተደበቀም። ሰውየው ያያል፣ ይናገራል፣ ያለቅሳል፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። አብሮት የሚቆም ሰው ባለማግኘቱ ርኅራኄው በብቸኝነት ይጠወልጋል፤ በመጨረሻም ከሁለቱ ወዳጆቹ መቃብር አጠገብ ይወድቃል። ደራሲው ሩኅሩኁን ሰው አሸናፊ አድርገው አለመሳላቸው ለእውነት ያላቸውን ታማኝነት ያሳያል።

በመጽሐፉ ውስጥ ሌላም ወገን አለ፤ የዲማ አካባቢ ገበሬዎች። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ ግብር ሲጠይቋቸው እምቢ ይላሉ፤ ፊታውራሪው ጦር ይዘው ሲወጡም አበጀ በለው በተባለው ጎበዝ እየተመሩ ይማርኳቸዋል። የሚደንቀው ግን ከማረኳቸው በኋላ ደማቸውን አለማፍሰሳቸው ነው። ኃይል በእጁ የገባ ድኻ ጌታው ያላደረገለትን ምሕረት ያደርጋል።

ይህ ታሪክ ከታተመ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እውነተኛው ነገር በዚያው አገር ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በጎጃም ከፍተኛ ተቃውሞ አስከተለ፤ ተቃውሞው እጅግ ከበረታባቸው አውራጃዎች ዋናዎቹ ሞጣና ቢቸና ነበሩ። ገበሬው የተቃወመው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ምርቱን ሊገምቱ የመጡት ሹማምንት ነገ መሬቱን ሊለኩበት፣ ከነገ ወዲያ ርስቱን ሊነጥቁት ነው ብሎ ፈራ። ርስት ለጎጃም ገበሬ እህል የሚበቅልበት አፈር ብቻ አልነበረም፤ ከአባቶቹ ጋር የሚያያይዘው ሐረግ ነበር። ይህን ፍርሃት ከገማቾቹና ከላኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ አልተረዱትም፤ ወይም ለመረዳት ጊዜ አልወሰዱም። ተኩስ ተነሣ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ፣ የቆየውን የግብር ውዝፍ ምሮ፣ ነገሩን አበረደ። ሐዲስ በዚያ ጊዜ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ። በልብ ወለዳቸው ውስጥ የፊታውራሪን ግብር እምቢ ያሉት ገበሬዎችና በሞጣ የገማቾቹን መዝገብ እምቢ ያሉት ገበሬዎች የአንድ አገር ልጆች መሆናቸውን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሞጣ ሲነሣ ሰባራ ድልድይን ሳይጠቅሱ ማለፍ ለዚህ ሙያ ሰዎች ይከብዳል። ሞጣን ከበጌምድር ጋር ለማገናኘት በጎንደር ነገሥታት ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየለቀቁና እየሳቡ ገደሉን ያሻግሩት ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላም ከወንዙ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ገመድ ሳቢዎቹን ሩኅሩኆች ብሎ የጠራቸው መኖሩ ያጠራጥራል። ነገር ግን የማያውቁትን ሰው ሕይወት በመዳፋቸው ይዘው፣ እስኪሻገር ድረስ እጃቸውን አላላሉም። ጉዱ ካሣ የተመኘው ሕንጻ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ገመድ ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ወደ ሐዲስ እንመለስ። የፕላንና ልማት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ አገሪቱ በሁለተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ላይ ነበረች። ዕቅድ በባሕርዩ ሰውን በቁጥር የሚያይ ሥራ ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ያለ ቁጥር መንገድም ግድብም አይሠራም። ነገር ግን ሄክታሩን ከሚያርሰው ሰው ጋር አንድ ማዕድ ላይ ቀርቦ የማያውቅ ባለሙያ ቁጥሩ ሲጎድል የሚጎድለው ምን እንደ ሆነ አይታየውም። ሐዲስ በቀን የሚኒስቴሩን ሰነድ የሚፈርሙ፣ በዚያው ዘመን ደግሞ ስለ ቦጋለ መብራቱ ጎጆ የጻፉ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው መሠራታቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚታይ አይደለም።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የነበረው የተማረ ወጣት ትውልድ ርኅራኄ የሚለውን ቃል አልወደደውም። ለድኻ ማዘን ድኻውን በድኽነቱ ማኖሪያ ነው፤ የሚያስፈልገው ሥርዓቱን መለወጥ ነው የሚል እምነት ነበረው። በዚህ ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ ጉዱ ካሣም ስለ ካቡ ሲናገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሆኖም በኋላ እንደታየው፣ ለሕዝብ በጅምላ እያዘኑ ለአንድ ሰው በግል መጨከን ይቻላል። አንጀት የሌለው ፍትሕ ሌላ ካብ ይሠራል፤ ድንጋዮቹን ብቻ ይቀያይራል። ሐዲስ የለውጡን አስፈላጊነት ቀድመው ያዩ ሰው ቢሆኑም፣ ለውጡ በምክርና በሕግ እንዲመጣ ይሹ ነበር። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት በዚሁ መንፈስ ነው። በአብዮቱ መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው አለመቀበላቸውም ይታወሳል።

ከዚያ በኋላ የነበራቸውን ዘመን በአብዛኛው ለድርሰት ሰጡ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። እነዚህ መጻሕፍት እንደ መጀመሪያው አልተወደዱም፤ በእርግጥም የመጀመሪያውን የሚያህል ኃይል የላቸውም። ነገር ግን ፍርድና በደል፣ ሥልጣንና ሕሊና እንዴት እንደሚጋጩ መመርመሩን አላቋረጡም። በ«ወንጀለኛው ዳኛ» ፈራጁ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን የሚገባው መሆኑ፣ በሰው ላይ ለመፍረድ ለሚቸኩል አንባቢ ልጓም ነው።

በዚያው ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ከመጽሐፉ ጋር የተዋወቀው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤት ሁሉ እየተሰበሰበ ያዳምጥ ነበር። የወጋየሁ ድምፅ የጉዱ ካሣን ቁጣ፣ የፊታውራሪን ማጓራት፣ የሰብለን ዝምታ ሳይቀር ይዞ ገባ። በአትላንቲክ ሲቲ ስለ ሞገድ ድልድል ከመከሩት ሰዎች አንዱ የጻፉት ታሪክ በሞገድ ተጭኖ ወደ ገበሬው ጎጆ መመለሱ ልብ ይሏል። በየምሽቱ ሰው ለማያውቀው፣ ጨርሶም ላልኖረ የድኻ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ደጁ ላይ የቆመውን የቆሎ ተማሪ በሌላ ዓይን አይቶት እንደ ሆነ የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ ሳይሆን ቀረ ለማለት ይከብዳል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በሽምግልናቸው ከአደባባይ ርቀው፣ ንግግር ሳያበዙ ኖሩ። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። በዲማ ጊዮርጊስ በዚያ ዓመትም የቅኔ ተማሪዎች ነበሩ።